ባንዲራው አናት ላይ የተሰቀለው ቦርሳ፦ ከፍሪስላንት የብስክሌት ጉዞ የተነሳ ሙግት

ሆላንድ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ብስክሌተኞች የሚሰባሰቡበት አንድ የውይይት መድረክ አለ። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጎማ፣ ስለ ሰንሰለትና ስለ ዝናብ ልብስ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደረ የመልስ ሰንሰለት፣ ከጎማ ወጥቶ ባንዲራ ውስጥ ገባ። ሰዉም ተናከሰ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጊዜ ለሌላችሁ በመልሶቹ ቁጥር ቅደም ተከተል ልተርክላችሁ።

ነገሩን የጀመረው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ፍሪስላንት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ነበር። ሐሳባቸው አስራ አንዱን የፍሪስላንት ከተሞች ቀስ እያሉ በብስክሌት መዞር ነው። ከተማ ይባሉ እንጂ አንዳንዶቹ መንደር ያህል ናቸው። ስሎተን አንድ ሺህ ነዋሪ እንኳ የላትም። ከተማ የተባለችው በጥንት ዘመን የከተማነት መብት ስለተሰጣት ነው። ወሩ ጁን ነው፣ ሜዳው ለምለም ነው፣ መንገዱ ዳገት አያውቅም። ጠያቂው ግን ከመንገዱ ይልቅ ዓይኑ የቀረው ባንዲራ ላይ ነው።

ያየውን ዘርዝሯል። አንድ ቤት የአገሪቱ ባንዲራ ወጥቶ ምሰሶው ጫፍ ላይ የተማሪ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ከከተማ ወጣ ሲሉ፣ በእርሻዎቹ መሀል፣ ባንዲራው ተገልብጦ ተሰቅሏል። ሰማያዊው ከላይ፣ ቀዩ ከታች። በየቤቱ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበት፣ ቀይ ልቦች የተበተኑበት ሌላ ባንዲራ አለ። አንዱ ቤት የወጣው ምሰሶው ግማሽ ላይ ቀርቷል። እግረ መንገዱንም ከአንድ ገበሬ ደጅ ብርቱካንማ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነ የሚያምር ባንዲራ እንዳየ ጠቅሷል። ይቺን የመጨረሻዋን ያነሳት ለጌጥ ያህል ነው። ወደኋላ እንመለስባታለን።

ከዚህ ተነስቶ የደረሰበት ድምዳሜ ከባድ ነው። ይህን ያህል ባንዲራ ጤና አይደለም አለ። ሕዝቡ በሩን እየዘጋ፣ ለመጤ ፊቱን እያጠቆረ ነው። እሱን የመሰለ ጥቁር ሰው በዚያ ሁሉ ጨርቅ መሀል ፔዳል እየመታ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማው እንድናስብለት ጠየቀ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ልፍራ ወይስ አልፍራ?

የሳቁበት ነበሩ። እኔ አልሳቅኩም። በማታውቀው ሰፈር ብቻህን ስትነዳ፣ የማታነበው ምልክት ሲበዛብህ፣ ሆድህ ባዶ ነገር አይፈጥርም።

መልስ 1 ትሕትና የሞላበት ነው። ጸሐፊዋ ወንድሜ ብላ ጀምራ፣ በሰላም በመመለሱ ደስ መሰኘቷን ገልጻ፣ ስለ ቦርሳው አስረዳችው። ያ ቦርሳ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ልጅ ቦርሳ ነው። የማጠቃለያ ፈተናው ውጤት የሚነገረው ጁን ላይ ነው። ልጁ ካለፈ ቤተሰቡ ባንዲራውን ያወጣል። ምሰሶው ጫፍ ላይ ደግሞ ለዓመታት ሲጎተት የኖረው ቦርሳ ይሰቀላል። አላፊ አግዳሚው አይቶ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። ስለዚህ ጠያቂው ልቡ የደነገጠበት ቤት ውስጥ፣ በዚያች ሰዓት፣ ኬክ እየተቆረሰ ሊሆን ይችላል።

መልስ 2 የዚህችን ሴት ቃል በራሱ ቤት ታሪክ አጸና። የበኩር ልጁ ፈተናውን ያለፈ ቀን ቤታቸው ውስጥ ባንዲራ አልነበረም። የጎረቤት አዛውንት ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ባንዲራና መሰላል ተሸክመው መጡ። ጭቅጭቁ የተነሳው ቦርሳው ላይ ነው። ሚስቱ ደህና ቦርሳ ለዝናብ አይሰጥም፣ ለታናሽየው ይሆናል ብላ አሻፈረኝ አለች። በስንት ልመና ዚፑ የተበላሸ አሮጌ ተፈልጎ ተሰቀለ። ማታ እነሱ በደስታቸው ባንዲራውን ረስተው ተኙ። ጠዋት ሽማግሌው መጥተው ፀሐይ ከገባች በኋላ ባንዲራ ውጭ አያድርም ብለው ቆጧቸው። ሰውየው ይህን የጻፈው በምሬት አይደለም። እንዲያውም በዚያ ሰፈር እንደ ሰው የተቆጠረው በዚያ ቁጣ እንደሆነ ነው የተናገረው።

መልስ 3 ሕግ አዋቂ ነገር ነው። በትንሹ አረመው። ፀሐይ ስትወጣ መስቀል፣ ስትገባ ማውረድ፣ መሬት አለማስነካት፣ ጨርቁ ላይ ጽሑፍም ጌጥም አለማድረግ፣ እነዚህ በጠቅላላ የታወቁ ልማዶች ናቸው። ማታ የሚተው በመብራት ከታየ ብቻ ነው። ዳሩ ግን መመሪያው የሚያስገድደው የመንግሥት ሕንጻዎችን ነው። ግለሰብ በቤቱ ቢያሳድረው ቅጣት የለበትም፤ የጎረቤት ዓይን ነው እንጂ የሚቀጣው። ቦርሳውስ ጌጥ አይደለም ወይ የሚል እንዳይመጣ አስቀድሞ መልሱን ሰጠ። የሚሰቀለው ምሰሶው ላይ ነው፣ ጨርቁ ላይ አይደለም።

መልስ 4 ቀይ ልቦቹን ያዘ። ልብ አይደሉም። የውሃ አበባ ቅጠሎች ናቸው፣ በፍሪስላንት ቦዮች ላይ የሚንሳፈፈው ዓይነት። ቁጥራቸው 7 ነው፣ የሚቀመጡትም ነጩ መስመር ላይ ነው። በመካከለኛው ዘመን በባሕሩ ዳርቻ ነበሩ የሚባሉትን ሰባት የፍሪስ አገሮች ያስታውሳሉ። ባንዲራው የክፍለ ሀገሩ ነው። ሰዉ የራሱ ቋንቋ አለው፣ የመንገድ ምልክቶቹም በሁለት ቋንቋ ነው የተጻፉት። የሄረንፌን እግር ኳስ ቡድን ማሊያ ላይ ያሉትም እነዚሁ ቅጠሎች ናቸው። ይህን ባንዲራ የሚሰቅል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለው የዚህ ቀዬ ልጅ ነኝ ነው፤ መጤ ይውጣ አይደለም። መልስ 5 ደግሞ ቅጠልም ይሁን ምን፣ ለዓይን ልብ የመሰለ ነገር ልብ ነው ብሎ ቀልዶ አለፈ።

መልስ 6 ለእኔ የክሩ ንጉሥ ነው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ትርጓሜ ወደ ጎን ብሎ፣ ፍሪስላንት ውስጥ ባንዲራ ለብስክሌተኛ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ጻፈ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ። እዚያ አገር ተራራ የለም፣ ዳገቱ ነፋስ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ከተማ ሲቃረብ መጀመሪያ የሚያየው የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ አይደለም፣ ባንዲራውን ነው። ጨርቁ ወደ እሱ ዞሮ ከተዘረጋ ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ጓደኛውን ያስቀድማል፣ ከጀርባው ይደበቃል። ከኋላ ከሆነ ደግሞ ሳይበላ ሳይጠጣ እስከሚቀጥለው ከተማ ይበራል። ጠያቂው የነፋሱን አቅጣጫ ሳይጽፍ አምስት ዓይነት ባንዲራ መዘርዘሩ ብስክሌተኛ መሆኑን እንዳጠራጠረውም ጨመረበት።

ከዚያ እንደተለመደው መንገድ ሳቱ። መልስ 7 በዜላንድ የባሕር መከላከያ ግንብ ላይ ስለሚደረገው የፊት ነፋስ የብስክሌት ሻምፒዮና አነሳ። እውነት ነው፣ አለ። የሚካሄደው ማዕበል ያለበት ቀን ሲገኝ ብቻ ነው። ሁሉም ማርሽ የሌለው ተራ ብስክሌት ይሰጠዋል። ርቀቱ 8.5 ኪሎ ሜትር ነው። መልስ 8 ይህን ሰምቶ የሚመዘገብበትን መንገድ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፣ ምክንያቱም መልስ 9 መጥቶ የተገለበጠውን ባንዲራ አነሳ።

የዘጠነኛው አጻጻፍ የረጋ ነው። ታሪኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 በጋ ነው። መንግሥት የናይትሮጅን ልቀትን እስከ 2030 በግማሽ እቀንሳለሁ ብሎ የየአካባቢውን ግብ በካርታ አወጣ። ልቀቱ በብዛት የሚመጣው ከከብት እበትና ሽንት ስለሆነ፣ ዱላው ያረፈው የወተት ከብት አርቢው ላይ ነው። ፍሪስላንት ደግሞ የወተት አገር ነው። ገበሬዎች በትራክተር አውራ ጎዳና ዘጉ። በየመብራት ምሰሶው፣ በየድልድዩ፣ በየእርሻ አጥሩ ባንዲራውን ገልብጠው ሰቀሉ። አንገት ላይ የሚታሰረው የገበሬ ቀይ መሀረብም አብሮ ምልክት ሆነ። ባለሥልጣናት ከመንገድ ዳር ያወርዱታል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይሰቀላል። በማርች 2023 በተደረገው የክፍለ ሀገር ምርጫ የገበሬዎቹ ፓርቲ በአስራ ሁለቱም ክፍለ ሀገሮች አንደኛ ወጣ። ጠያቂው ያየው እንግዲህ የዚያ ዘመን ትርፍ ነው። መልእክቱ ለመንግሥት የተላከ ነው፤ ለሚያልፍ ብስክሌተኛ አይደለም።

መልስ 10 ከወተት እርባታ የሚሠራ ሰው ነው። ዘጠነኛውን አመስግኖ፣ ግን ከላይ ከላይ እንደተናገረ ወቀሰው። አሰሪው ባንዲራውን የገለበጠ ቀን እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቷል። ቤተሰቡ ያንን መሬት ለትውልዶች ያረሰ ሰው ነው። ባንክ ራሱ ጋጣውን አስፋ ብሎ አበድሮት፣ ትንሽ ቆይቶ መንግሥት ከብትህን ቀንስ አለው። ያ ሰውዬ ባንዲራውን የገለበጠው ስለጠላው ሳይሆን ሌላ የሚጮኽበት ነገር ስላጣ ነው። እዚህ ላይ ውይይቱ ገና ጨዋ ነው።

መልስ 11 ጨዋነቱን ሰበረው። የማንም ሰው ብድር ባንዲራ ለማዋረድ ፈቃድ አይሆንም ሲል ጀመረ። ፎቁ ሥር የሚኖሩ አዛውንት በጀርመን ወረራ ዘመን ሕጻን ነበሩ። ያንን ባንዲራ በአደባባይ ማውጣት የማይቻልበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። የተገለበጠ ባንዲራ በቴሌቪዥን ሲያዩ ጣቢያ ይቀይራሉ። አሥረኛውን ደግሞ ለአሰሪው ጠበቃ ሆነሃል ብሎ ዘለፈው። አሥረኛው በዚህ ተቆጥቶ የሚሰድብ ሰው ጋጣ ውስጥ አንድ ክረምት ሠርቶ እንዲመጣ ጋበዘው። ያ መልስ 12 ነው፣ ከዚያ በላይ ቁም ነገር የለውም።

መልስ 13 መርከብ ላይ የሠራ ሰው ነው። ጠቡን ሊያበርድ ፈልጎ ይመስለኛል፣ ወደ ባሕር ወሰዳቸው። ባንዲራ መገልበጥ በድሮ መርከበኞች ዘንድ አደጋ ላይ ነን፣ ድረሱልን የሚል ምልክት ነበር። ገበሬዎቹም የተዋሱት ከዚያ ነው። ግን ዛሬ በዓለም አቀፉ የባሕር ደንብ ከተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች ውስጥ የለም። የተዘረዘሩት ቀይ ርችት፣ ብርቱካንማ ጭስ፣ ፊደል ከሚወክሉት የመርከብ ባንዲራዎች ኤን የተባለው ከላይ ሲ የተባለው ከታች ሆነው አብረው መሰቀላቸውና የመሳሰሉት ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጃፓንን ባንዲራ ገልብጠህ ብትሰቅል ማን ያውቅልሃል? የፖላንድን ብትገለብጥ ደግሞ የኢንዶኔዥያ ይሆናል።

ይህ ለመልስ 14 በር ከፈተ። የሆላንድ ባንዲራ ሲገለበጥ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ ይሆናል። ያ ደግሞ የድሮዋ የዩጎዝላቪያ መንግሥት ባንዲራ ነው። የጀርመኗ የሽሌስቪክ ሆልሽታይን ክፍለ ሀገርም ተመሳሳዩን ትሰቅላለች። ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ በፍሪስላንት መንገድ የሚነዳ የሽሌስቪክ ሰው፣ አገሬው ሁሉ ሊቀበለኝ ወጣ ብሎ ሊያለቅስ እንደሚችል ገመተ። አስራ አንደኛው እንኳ በዚህ ሳቀ።

ሳቁ ግን አልቆየም። መልስ 15 ሁሉም የዘለለውን ነገር ይዞ መጣ። ጠያቂው የሚያምር ብሎ ያለፈውን ብርቱካንማ፣ ነጭና ሰማያዊ ባንዲራ። ይህ ሰው ጽሑፉን ሦስት ጊዜ እንዳነበበው ይታያል፣ አጻጻፉም ቀዝቃዛ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ነገር ለየ። ከቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊው ባንዲራ በላይ ረጅም ቀጭን ብርቱካንማ ሪባን ከታሰረ ያ የንጉሣውያን ልደት ነው፤ ለምሳሌ በአፕሪል 27 የንጉሡ ቀን። ጁን ላይ ግን በመመሪያው እንዲህ የሚሰቀልበት ልደት የለም። ቀዩ መስመር ራሱ ወጥቶ ብርቱካንማ ከገባበት ግን ያ ሌላ ባንዲራ ነው፤ የልዑሉ ባንዲራ የሚሉት።

ታሪኩን እንዲህ አቀረበው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከስፔን ጋር የተዋጉት ሰዎች፣ የኦራንየው ልዑል የዊሌም ወገኖች፣ የያዙት ይህንኑ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብርቱካንማው እየቀረ ቀዩ ተተካ። በ1930ዎቹ የአገሪቱ ናዚዎች፣ ኤንኤስቤ የሚባሉት፣ የድሮውን ብርቱካንማ አንስተው የራሳቸው አደረጉት። ንግሥት ቪልሄልሚና በፌብሯሪ 19 ቀን 1937 ባወጣችው አጭር አዋጅ የመንግሥቱ ባንዲራ ቀለማት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መሆናቸው ተደነገገ። ኤንኤስቤ በጦርነቱ ጊዜ ከወራሪው ጋር ተባበረ። ከ1928 እስከ 1994 የነበረው የደቡብ አፍሪካ ባንዲራ መሠረቱም ይኸው የልዑሉ ባንዲራ ነው። ዛሬ አክራሪ ቀኞች በሰልፍ ላይ ሲይዙት ይታያል። መደምደሚያውን አለሳልሶ አልተናገረም። ጠያቂው ባልፈለገበት ቦታ ፈርቶ፣ ሊጠይቅ በሚገባበት ቦታ ቀለሙን አድንቆ አለፈ።

ክሩን እንድጽፍላችሁ ያደረገኝ ይህ መልስ ነው። ቦርሳውና ቅጠሉ ያስፈሩት ለዓይን እንግዳ ስለሆኑ ነው። ብርቱካንማው ያላስፈራው የአገሪቱን ብሔራዊ የኳስ ቡድን ማሊያ ስለሚመስል ነው። እንግዳ የሆነ ሁሉ ክፉ፣ የለመድነው ቀለም ሁሉ ደግ ይመስለናል።

መልስ 16 በዚህ ነደደ። አራት መቶ ዓመት የቆየ ባንዲራ ጥቂት ዓመት ለተጠቀሙበት ናዚዎች አይሰጥም ባይ ነው። ለነጻነት የሞቱት ሰዎች ባንዲራ ነው። የድሮ መርከብ የሚያድሱ ሰዎችም ይሰቅሉታል። የታሪክ መምህርም ሊሰቅለው ይችላል። በየቤቱ ናዚ እየፈለግን የምንነዳ ከሆነ ብስክሌቱን ሸጠን ቤት እንቀመጥ።

መልስ 17 አጭርና ስለታም ነው። ሙዚየም ያለ መርከብና ገበሬ ደጅ አንድ አይደለም። የዚህ አገር ሰው ቀዩን ባንዲራ ከየትም ሱቅ ያገኛል። ብርቱካንማውን ግን ፈልጎ ነው የሚገዛው። ፈልጎ የገዛ ደግሞ የገዛውን ያውቃል። መልስ 18 ወደ ስድብ ወረደ። አስራ ስድስተኛውን የነጭ ጫማ ጠራጊ አለው። አንዱ ደግሞ በዚህ ግርግር መሀል የሌላ አገር ባንዲራ ጭቅጭቅ ሊያስገባ ሞከረ። መልስ 19 የአወያዩ ነው። ሁለት ጽሑፍ አጥፍቶ፣ ጫማ የሚለው ቃል ዳግም ከተነሳ ክሩን እንደሚዘጋ አስጠነቀቀ። አወያያችን ትዕግሥተኛ ነው፣ ግን ሲመረው ያስታውቃል።

ከማስጠንቀቂያው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ መልስ 20 መጣ። ጸሐፊዋ ለሕመምተኞች ቤት ለቤት እየዞረች የምትሠራ ነርስ ናት፣ የምትዞረውም በብስክሌት ነው። ማንም ያልነካውን ግማሽ ላይ የቀረውን ባንዲራ አነሳች። በዚያ አገር ቤተሰብ ሰው ሲሞትበት፣ በተለይ በቀብሩ ቀን፣ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ሊሰቅል ይችላል። ጎረቤትም አብሮ ያደርጋል። እሷ ወደ አንድ የለመደችው ቤት ስትቃረብ በመንገዱ ሁሉ ባንዲራው ዝቅ ብሎ ካየች፣ ማን እንደሄደ ደወል ሳትነካ ታውቃለች። ሜይ 4 ቀን፣ የጦርነት ሙታን በሚታሰቡበት ዕለትም አገሩ ሁሉ ዝቅ ያደርጋል፣ ማታ በሁለት ሰዓት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል። የማሌዥያው አውሮፕላን ጁላይ 17 ቀን 2014 ዩክሬን ላይ ተመትቶ 298 ሰው ሲሞት፣ አብዛኞቹ የሆላንድ ዜጎች ነበሩ። ጁላይ 23 የሐዘን ቀን ሆነ። ያን ቀን በሥራ ላይ ነበረች። በነዳችበት ሁሉ አንድም ከፍ ያለ ባንዲራ እንዳላየች ትናገራለች።

ለጠያቂው የሰጠችው ምክርም ለየት ይላል። ያንን ቤት ሲያልፍ ማድረግ የነበረበት ደወሉን አለመደወልና ጮክ ብሎ አለማውራት ብቻ ነው። መልስ 21 አሰቃቀሉን ጨመረ። ባንዲራው መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ወደ ግማሽ የሚወርደው። ሲወርድም እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው።

መልስ 22 ፎቶ ካለው ብርቱካንማውን ባንዲራ እንዲያሳይ ጠያቂውን ለመነ። ጠያቂው እስካሁን ድምፁ አልተሰማም ነበር። በመልስ 23 ተመልሶ ለሁሉም አመሰገነ፣ ስለ ቦርሳውም በራሱ ሳቀ። ፎቶ ነበረው። የጓደኛው ጭንቅላትና የራስ ቁር ፎቶውን ግማሽ ይዘውታል፣ ከጀርባ ግን ባንዲራው ይታያል።

አሁን ሁሉም ዓይን ሐኪም ሆነ። መልስ 24 ፀሐይ ያደበዘዘው ቀይ ነው፣ ለዓመታት ውጭ የቆየ ቀይ ጨርቅ ብርቱካንማ ይመስላል ብሎ ፈረደ። መልስ 25 አልተስማማም። ቀዩ እንደዚያ ከደበዘዘ ሰማያዊውም አብሮ መንጣት ነበረበት፤ ፎቶው ላይ ግን ሰማያዊው ጥቁር እስኪመስል ድረስ ጠንካራ ነው። የጨርቁ ጠርዝም አልተቦጨቀም። አዲስ ነው። መልስ 26 የእግር ኳስ ውድድር ባለበት በጋ መንደሩ ሁሉ ብርቱካንማ ይለብሳል፣ የዚያ ትርፍ ሊሆን ይችላል አለ። አስራ አምስተኛው ተመልሶ የኳስ ጌጥ ከነጭና ከሰማያዊ ጋር በዚህ ቅደም ተከተል እንደማይሰፋ በአንድ መስመር መለሰ። ያ 27ኛው ነው። እኔ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከ25ኛው ጋር ነኝ።

መልስ 28 ላይ ጠያቂው ያልጠበቅነውን ነገር ተናገረ። ፎቶው የተነሳው እዚያ ደጅ ቆመው ስለነበር ነው። ውሃ አልቆባቸው ነበር። የቤቱ ባለቤት ከጋጣው ወጥቶ፣ ሳይጠይቁት፣ ጠርሙሶቻቸውን ሁሉ ሞላላቸው። የአንዱን የላላ ፔዳልም በራሱ ቁልፍ አጠበቀለት። ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቆ፣ በዋናው መንገድ ነፋስ ስለሚበረታ በቦዩ ዳር እንዲሄዱ በእጁ አሳያቸው። ታዲያ ይህ ሰው ማነው ብሎ ጠየቀ ጠያቂው።

በዚህ ላይ የመጡት መልሶች ብዙ ናቸው። አስራ ስድስተኛው አሸነፍኩ ብሎ ተንበሸበሸ። አስራ ሰባተኛው ውሃ መስጠት ድምፅ ከመስጠት ይቀላል ሲል መለሰ። ከወተት እርባታው የመጣው ሰውዬ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ እንደሚያውቅ ጻፈ። ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ይወዳሉ፣ በቴሌቪዥን የሚያዩትን ይፈራሉ። ነርሷ ግን ሁሉም ለምን ከሩቅ እንደሚፈርድ ገረማት። ጠርሙሱን ሲቀበል ባንዲራውን በጣቱ አሳይቶ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይችል ነበር። እሷ በየቤቱ ትጠይቃለች። አንዳንዱ በኩራት ያስረዳል፣ አንዳንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ደግሞ ከሟች ወንድሙ የቀረለት እንደሆነ ነግሯት ያውቃል። ጠያቂው ቋንቋው ስለማይመቸው እንዳፈረ ጻፈላት። ጥያቄው በስድስት ቃል እንደሚያልቅ ነግራ፣ እንዴት እንደሚባል በአማርኛ ፊደል ጽፋ ሰጠችው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ወትሮው ተመለሰ። መልስ 36 ባንዲራው ላይ ይህን ያህል ያፈጠጡ ሰዎች ፍራነከር ደርሰው የአይዚንጋን ቤት ሳያዩ መመለሳቸውን እንደ ኃጢአት ቆጠረው። አንድ ሱፍ አበጣሪ ከ1774 እስከ 1781 ድረስ የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ማሽን ሳሎኑ ጣሪያ ላይ የሠራበት ቤት ነው። አሁንም ይሠራል፣ በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። መልስ 37 በአስራ አንዱ ከተሞች ላይ በበረዶ መንሸራተቻ የሚደረገው ታላቁ ጉዞ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በጃንዋሪ 1997 መሆኑን አንስቶ፣ ቦዩ ከዚያ ወዲህ እንደሚፈለገው አልቀዘቀዘም ብሎ አዘነ።

መልስ 38 የተጽናና ነው። የብስክሌቱ ዙር ከ1912 ጀምሮ ያለ ነው፣ በረዶም አይጠብቅም። በምዕራባውያን ጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ከቦልስዋርት በንጋት ይነሳል፣ እዚያው ይጨርሳል። 235 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ 15,000 ሰው ይነዳል። በየከተማው ካርድ ላይ ማኅተም ይመታል። አንድ ቡድን እናቋቁም ብሎ ጥሪ አቀረበ። አስራ አንደኛውና አሥረኛው ሁለቱም ተመዘገቡ። ስድስተኛውም ተመዝግቧል፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ነፋሱ ከፊት ከሆነ ከሁሉም ኋላ ነው የሚነዳው። አስራ ስድስተኛው እስከዛሬ መልስ አልሰጠም። ስሙን የሚሰበስበው ሰው ዝርዝሩን ክፍት አድርጎ እየጠበቀ ነው።